መሄጃው 10 ሰዓት፣ መመለሻው 20?

አክስቴ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረውን ልጃቸውን ሊያርሱ ሊሄዱ ሦስት ቀን ቀርቷቸዋል። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በርበሬው፣ ሽሮው፣ አብሹና የገንፎው ዱቄት በየፌስታሉ ታስሮ ተደርድሯል። ከጎኑ የሻንጣ ሚዛን አለ፤ ሁለቱ ሻንጣዎች እያንዳንዳቸው ከ23 ኪሎ ማለፍ የለባቸውም። ምድጃው ላይ ቦሎቄ ይንተከተካል። ከተጣደ ሁለት ሰዓት ሊሞላው ነው፣ ግን ገና አልበሰለም። አክስቴ መነጽራቸውን አድርገው ትኬቱን በጣታቸው እየተከተሉ ሲያነቡ ቆዩና ቀና አሉ።

«ና እስቲ ይህን አስረዳኝ። ከቦሌ የምነሣው ከምሽቱ 4:30 ነው። ዋሽንግተን የምገባው በማግሥቱ ከጠዋቱ 2:30። አሥር ሰዓት አይደል? ስመለስ ደግሞ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ተነሥቼ በማግሥቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቦሌ እገባለሁ ይላል። ይኼ ሃያ ሰዓት ነው። መንገዱ አንድ አይደለም እንዴ?»

አቆጣጠራቸው አልተሳሳተም፤ ትኬቱም አልዋሸም። እውነቱ ግን ካነበቡት ተቃራኒ ነው። ረጅሙ ጉዞ መሄጃው ነው፤ 17 ሰዓት ይፈጃል። መመለሻው 13 ሰዓት ብቻ ነው። ይህን ስነግራቸው ቡናው እስኪቀርብ ድረስ እንድቀመጥ አዘዙኝ። ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ የተነጋገርነውን ነው እዚህ የምጽፈው፤ ምክንያቱም ይህን ጥያቄ የሚጠይቁት አክስቴ ብቻ አይደሉም።

ከሰዓቱ እንጀምር። ትኬት ላይ የመነሻው ሰዓት የሚጻፈው በመነሻው ከተማ አቆጣጠር ነው፤ የመድረሻው በመድረሻው ከተማ። አክስቴ ሲነሡ የሚያዩት የቦሌን ሰዓት ነው፤ ሲወርዱ የሚያዩት የዋሽንግተኑን የደለስ ኤርፖርትን። ምድር በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ስለምትዞር በየሰዓቱ 15 ዲግሪ ትሽከረከራለች። አዲስ አበባና ዋሽንግተን ደግሞ በምሥራቅና ምዕራብ አቅጣጫ 116 ዲግሪ ያህል ይራራቃሉ። ስለዚህ ፀሐይ አናታችን ላይ ከደረሰች ከ7 ሰዓት ተኩል በላይ ቆይታ ነው ዋሽንግተን ላይ እኩለ ቀን የሚሆነው። በግድግዳ ሰዓት ሲቆጠር ልዩነቱ 8 ሰዓት ነው። አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደፊት በሚያስኬዱበት ወቅት፣ ማለትም ከመጋቢት መግቢያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ፣ 7 ይሆናል። አክስቴ የሚሄዱት በሐምሌ ነው። እንግዲህ መሄጃው ላይ ለታየው 10 ሰዓት 7 ይጨመርለታል፣ 17። ከመመለሻው 20 ላይ 7 ይቀነሳል፣ 13።

ማረጋገጫውም ቀላል ነው። 10 እና 20 ሲደመር 30፤ 17 እና 13 ሲደመርም 30። የደርሶ መልስ ትኬት ያለው ሰው ሁለቱን ከደመረ የሰዓት ልዩነቱ ራሱን በራሱ ያጠፋል። ይህን ያስተማረኝ የለም፤ አክስቴ በእጃቸው ጣት ሲደምሩ ነው የተገለጠልኝ።

እግረ መንገዴን አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ቤተሰባችን ውስጥ የደረሰ ነው። ለእኛ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ ለትኬት ግን እኩለ ሌሊት ላይ ነው። «ማክሰኞ 00:30» የሚል ትኬት በእኛ አነጋገር ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 6:30 ነው። የአጎቴ ልጅ ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን አስጭኖ፣ ተመርቆ፣ ተስሞ ቦሌ ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሊሆነው ነበር። ትኬት ላይ ከ00 የሚጀምር ሰዓት ያየ ሰው ኤርፖርት የሚሄደው በዋዜማው ማታ መሆኑን አይርሳ።

አሁን ወደ እውነተኛው ጥያቄ። ሰዓቱን ካስተካከልን በኋላም የ4 ሰዓት ልዩነት አለ። ከየት መጣ?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የምድርን መዞር ነው። ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር፣ ወደ ምዕራብ የሚበረውን አውሮፕላን ዋሽንግተን ራሷ ልትቀበለው ትመጣለች የሚል ሐሳብ። እንዲያ ቢሆን ኖሮ አጭሩ መሄጃው በሆነ ነበር። ነገር ግን አየሩ ከምድር ጋር አብሮ ይዞራል፤ አውሮፕላኑም ከመነሣቱ በፊት አብሮ እየዞረ ነበር። በሚሮጥ ሚኒባስ ውስጥ ሳንቲም ወደ ላይ ወርውራችሁ ብትቀልቡት ተመልሶ እጃችሁ ላይ ያርፋል እንጂ ወደ ኋላ ወንበር አይበርም። ከሚኒባሱ ጋር አብሮ እየሄደ ነዋ።

የመንገዱ ርዝመትስ? በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው አጭሩ መንገድ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አጭሩ የትኛው እንደሆነ ግን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርታ አይነግረንም። ካርታው ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን በማስመሪያ ብትሰምሩ መስመሩ በማሊና በሞሪታኒያ በኩል አልፎ አትላንቲክን ያቋርጣል። ትክክለኛው አጭር መንገድ በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ፣ አልጄሪያን አቋርጦ፣ በስፔንና በፖርቱጋል ሰማይ ላይ የሚያልፍ ነው።

አክስቴ ይህን አላመኑኝም። አጠገባችን መሶብ ስለነበር ክዳኑን አነሣሁ። የአክርማው ስፌት ዙር በዙር እየጠበበ ወደ ጫፉ ይወጣል። ከታችኛው ዙር ላይ አንድ ነጥብ ምረጡ፤ ከወዲያ ማዶ ደግሞ ሌላ። ጉንዳን ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ ቢፈልግ ሰፊውን ዙር ተከትሎ ከሚሄድ ትንሽ ወደ ላይ ወጥቶ በጠባቡ በኩል ቢያልፍ ይቀርበዋል። ምድርም እንዲሁ ናት። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ዋልታ በወጣን ቁጥር ዙሪያዋ ይጠብባል። ክር አምጥተን በሁለቱ ነጥቦች መካከል ስንወጥረው ክሩ ራሱ ወደ ላይ ተንሸራተተ። በአንድ ወጥ የኮምፓስ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ አውሮፕላን ከዚህኛው መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝምበታል።

በእርግጥ አብራሪ ክሩን ብቻ ተከትሎ አይበርም። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ የሀገሪቱ ሰማይ ተዘጋ፤ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚበሩት አውሮፕላኖች ዙሪያ መንገድ መያዝ ግድ ሆነባቸው። ሌላ ሀገር የተተኮሰ ጥይት የአንድን ተሳፋሪ ጉዞ እንዲህ ያስረዝማል።

ከመንገዱ ይልቅ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ነፋስ ነው። ረጅም በረራ የሚበረው ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን፣ እዚያ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጠባብና ብርቱ የነፋስ ወንዝ አለ፤ ጄት ስትሪም ይሉታል። ምንጩ የምድር ወገብ ሙቀትና የዋልታው ብርድ ነው። ሞቃቱ አየር ወደ ሰሜን ሲገፋ የምድር መዞር መንገዱን ወደ ምሥራቅ ያጣምምበታል። ይኸውላችሁ፣ የምድር መዞር ቅድም በበር አስወጥተነው በመስኮት ተመለሰ። አውሮፕላኑን ራሱን ባይነካውም ነፋሱን የሚያጣምመው እሱ ነው። የሁለቱ ወገን የሙቀት ልዩነት በሰሜኑ የብርድ ወቅት ስለሚሰፋ ነፋሱም ያኔ ይበረታል፤ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ።

ይህን ነፋስ ቀድሞ የለካው ጃፓናዊው ዋሳቡሮ ኦኢሺ ነው። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፊኛ ወደ ሰማይ እየለቀቀ ፍጥነቱን መዘገበ። ያገኘውን ያሳተመው ግን በኤስፔራንቶ ቋንቋ ስለነበር ከሀገሩ ውጭ ብዙ ሰው አላነበበውም። በ1944 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ጃፓን ሰማይ ላይ ከዚሁ ነፋስ ጋር ሲጋጠሙ አብራሪዎቹ ያልጠበቁት ነገር ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል፤ ዕውቀቱ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ተጽፎ ተቀምጦ ነበር።

ነፋሱ ሰዓት ላይ ምን እንደሚያደርግ በቁጥር እንየው። ከደብሊን ዋሽንግተን 5,460 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውሮፕላን በረጋ አየር በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ነፋሱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ከፊት ቢመጣበት መሬት ላይ የሚቀርለት ፍጥነት 800 ነው፤ ጉዞው 6 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይወስዳል። ያው ነፋስ ከኋላ ቢገፋው 1,000 ይሆናል፤ 5 ሰዓት ከ28 ደቂቃ። በዚያች መንገድ ብቻ የ1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ልዩነት። አክስቴ «እንግዲያው ሲሄድ ያስከፈለኝን ሲመለስ ይመልስልኛል» አሉ። ሙሉ በሙሉ አይመልስም። ነፋስ ባይኖር ደርሶ መልሱ 12 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ነበር፤ ከነፋሱ ጋር ግን 12 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ነው። ከፊት በሚመጣው ነፋስ ውስጥ የምንቆየው ረዘም ላለ ጊዜ፣ ከኋላ በሚገፋው ውስጥ ደግሞ ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ነው። አብራሪዎችም ስለዚህ ይጠነቀቃሉ። ወደ ምሥራቅ ሲበሩ ነፋሱን ይፈልጉታል፣ ወደ ምዕራብ ሲበሩ ይሸሹታል። በሰሜን አትላንቲክ ላይ የሚበሩባቸው መስመሮችም በየቀኑ በነፋሱ ልክ እንደገና ይሠመራሉ።

እስካሁን ከአራቱ ሰዓት ግማሽ ያህሉን አስረዳን። የቀረው መሬት ላይ ነው፤ ደብሊን ውስጥ።

በደብሊን በኩል ወደ ዋሽንግተን የሄደ ሁሉ ያውቃታል። ከሰባት ሰዓት በላይ ከተበረረ በኋላ አውሮፕላኑ አየርላንድ ያርፋል፤ ተሳፋሪው እንደተቀመጠ ነዳጅ ይቀዳል፣ የበረራ ሠራተኞች ይለወጣሉ፣ ከዚያ እንደገና ይነሣል። በሌላ በረራ ማረፊያው ሎሜ ይሆናል። የደብሊኑ በረራ ሲመለስ ግን ከዋሽንግተን ቦሌ ድረስ የትም አያርፍም። ለዓመታት በዚያ ወንበር ላይ «አውሮፕላኑ መድረስ አይችልም ማለት ነው?» ሲባል ሰምቻለሁ። አውሮፕላኑማ ይችላል፤ ሲመለስ ያንኑ ርቀት በአንድ ትንፋሽ ይዘልቀዋል። የማይፈቅደው የአዲስ አበባ ከፍታ ነው።

አክስቴን ወደ ምድጃው እንዲያዩ ጠየቅኋቸው። ያ ቦሎቄ ለምን አልበሰለም? ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ ከላያችን ያለው አየር ሳስቷል፤ ወደ ታች የሚጫነው ክብደት ባሕር ጠርዝ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ጫናው ሲያንስ ውኃ ቶሎ ይፈላል፤ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ ከ92 ዲግሪ ብዙም ሳያልፍ። ከዚያ በኋላ እሳት ብንጨምርበትም ውኃው እየተነነ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ባቄላና ቦሎቄ አዲስ አበባ ላይ ጊዜ የሚፈጁት ስለዚህ ነው፤ ፕሬሸር ድስት የሚያደርገው የጎደለውን ጫና መመለስ ነው።

አውሮፕላኑም በዚሁ ስስ አየር ይቸገራል። ባሕር ጠርዝ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ አዲስ አበባ ላይ ሞቅ ባለ ቀን 0.9 ኪሎ ገደማ ነው። ክንፍ የሚያነሣው በላዩና በስሩ የሚያልፈውን አየር ወደ ታች እየገፋ ነው፤ የሚገፋው አየር ከቀለለ ያንኑ ክብደት ለማንሣት የበለጠ መፍጠን አለበት። ሞተሩ ደግሞ የሚስበው አየር ስላነሰ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ፍጥነት ጨመረ፣ ፍጥነቱን የሚሰጠው ጉልበት ቀነሰ። የቦሌ ረጅሙ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ነው፤ እሱም ያልቃል። የጎማውም የሚችለው ፍጥነት ወሰን አለው። በዚያ ላይ ሕጉ ጥብቅ ነው። በመነሣት ላይ ሳለ አንዱ ሞተር ቢጠፋ በቀረው አንድ ሞተር መውጣት መቻል አለበት፤ እንጦጦም እዚያው አጠገብ ከ3,000 ሜትር በላይ ቆሟል።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ክብደት ይቀነሳል። ቦይንግ 787-8ን እንውሰድ። ሲነሣ ቢበዛ 228 ቶን ሊመዝን ይችላል፤ ከዚህ ውስጥ ነዳጁ ብቻ እስከ 100 ቶን ሊደርስ ይችላል። በአየር ላይ በየሰዓቱ 5 ቶን ያህል ያቃጥላል። በእኛ አነጋገር 50 ኩንታል፣ አንድ አይሱዙ የሚጭነው ማለት ነው። ለ13 ሰዓት 650 ኩንታል ይሆናል፤ ከፊት የሚመጣው ነፋስ ሲታሰብ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል፣ መጠባበቂያውም አለ። ያ ሁሉ ነዳጅ ተሞልቶ፣ ሰውና ሻንጣ ተጭኖ ከቦሌ መነሣት አይቻልም። ምርጫው ሁለት ነው፤ ሰው አስቀርቶ በቀጥታ መብረር፣ ወይም ሰው ሞልቶ ነዳጁን ለሁለት መክፈል። አየር መንገዱ የመረጠው ሁለተኛውን ነው። ለአውሮፓ የሚበቃውን ያህል ይዞ ይነሣል፤ ቀሪውን ደብሊን ላይ ይሞላል። ደብሊን ኤርፖርት ከባሕር ወለል 74 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ነው። አየሩ ወፍራም፣ ያውም ቀዝቃዛ ነው። የሎሜው ደግሞ ባሕሩ ዳር ነው።

ደብሊንን ልብ በሉ። ካርታ ላይ ስናየው ከመንገድ ወጣ ያለ ይመስላል። በክር ስንለካው ግን በደብሊን በኩል የሚሄደው መንገድ 11,830 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከቀጥታው የሚበልጠው በ270 ኪሎ ሜትር ብቻ፣ ሃያ ደቂቃ የማይሞላ በረራ። በሎሜ በኩል ግን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጨመራል። ጊዜ የሚወስደው እንግዲህ ዙሪያ መንገዱ ሳይሆን ራሱ ማረፉ ነው። መውረድ፣ ማኮብኮብ፣ መቅዳት፣ እንደገና መነሣትና ወደ ከፍታው መውጣት። ከነፋሱ ጋር ሲደመር አራቱ ሰዓት ይሞላል።

መመለሻው ለምን እንደሚቀል አሁን ራሱ ይናገራል። ደለስ ኤርፖርት ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በታች ከፍታ ላይ ስለሆነ አውሮፕላኑ እዚያ ነዳጁን ሞልቶ ይነሣል። ነፋሱም ከኋላው ነው። አዲስ አበባ ሲደርስ ያን ሁሉ ኩንታል አቃጥሎ ጨርሷል፤ ቀሎ ያርፋል። ስስ አየር በተለይ የሚፈትነው ከባድ ሆኖ የሚነሣውን ነው። አክስቴ በምሽት መነሣታቸውም ይረዳል። ሰዓቱ ከሌሎች በረራዎች ጋር ለማገናኘት የተቀመጠ ቢሆንም የአዲስ አበባ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፤ የቀዘቀዘ አየር ደግሞ ይወፍራል፤ ለክንፉም ለሞተሩም ትንሽ ይጨምርላቸዋል።

ትኬቱ ላይ ያለው 17 ሰዓት አየር ላይ የሚቆዩበት ብቻ እንዳልሆነም ነገርኳቸው። የአየር መንገድ ሰዎች የሚቆጥሩት አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ቅጽበት አንሥቶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ድረስ ነው፤ ብሎክ ታይም ይሉታል። በማኮብኮቢያው ላይ ወረፋ መጠበቂያው እዚያ ውስጥ አለ፤ 17ቱ ሰዓት ደግሞ የደብሊኑንም ቆይታ ይጨምራል። አንዳንድ ቀን ነፋሱ ደካማ ሲሆን ከሰዓቱ ቀድሞ ይደርሳል። ልጃቸው ከሲልቨር ስፕሪንግ ስትነሣ ትኬቱን ሳይሆን የዕለቱን በረራ ስልኳ ላይ አይታ ብትወጣ ይሻላል፤ አራስም ናት።

አክስቴ ሚዛኑን አንሥተው በርበሬውን እንደገና መዘኑ። ኪሎ ለምን እንደሚቆጠር ያን ቀን ከእኔ በላይ ገብቷቸዋል። ከዚያ ስለ አቡሴራ ጠየቁኝ። ቢሾፍቱ አጠገብ፣ አቡሴራ ላይ የሚሠራው አዲሱ ኤርፖርት ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። በየ100 ሜትሩ አየሩ 1 በመቶ ያህል ስለሚወፍር እዚያ ከቦሌ 4 በመቶ ገደማ የወፈረ አየር ይኖራል። አውሮፕላኑ የሚያነሣውም ኩንታል ይጨምራል፤ በምን ያህል የሚለውን የማኮብኮቢያው ርዝመትና የአውሮፕላኑ ዓይነትም ይወስናሉ።

«ታዲያ ቢሾፍቱ ቦሎቄም ቶሎ ይበስላል ማለት ነው?»

አዎ። እዚያ ውኃ የሚፈላው ከ93 ዲግሪ በላይ ነው። አክስቴ ተነሥተው ድስቱን ከፈቱ፣ አንዷን ፍሬ በማንኪያ አውጥተው በጣታቸው ተጫኗት፤ መልሰው ከደኑት።